የጠረጠርኳቸው አበልጅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ነገር ቢኖር በካርቶን ላይ የብርድ ልብስ ልክና ቀለም፣ አልፎ አልፎም የቢሮ ቅጽ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ድምፄ ይጠፋል። ግን ልጄ አንድ ቀን የክርስትና ወረቀቱን ያየዋል። እዚያ ላይ ሁለት ስም ተጽፎለታል፤ አንዱ ያገራችን ስም አይደለም። «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ አፌ እንዳይተሳሰር አሁን እጽፈዋለሁ።

የምንኖረው በሰው አገር፣ ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ነው። ቤቱ ከሞዛምቢክ የመጡ የአንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ነው፤ እኛ የጓሮውን ክፍል ተከራይተናል። እንዳገሩ ልማድ «ማማ» እላቸዋለሁ። የምንግባባው እኔም እሳቸውም ለየራሳችን በለቃቀምነው እንግሊዝኛ ነው፤ ሲያቅተን ዙሉ እንጨምርበታለን። ባሌ ከከተማው ዳር፣ ዲፕስሉት ሱቅ አለው። ሱቁ እንዳይዘረፍ እዚያው ውስጥ ስለሚያድር የሚመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጀፕስታውን፣ ባንድ ያገራችን ሰው የጅምላ መደብር ውስጥ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ።

ልጄ አምስት ወር ሲሞላው ወደ ሥራ መመለስ ነበረብኝ። የምተውለት ዘመድ የለኝም።

«እኔ ምን ሥራ አለኝ? ለእኔ ተይው» አሉ ማማ።

ስንት ልክፈል ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ። መጀመሪያ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። በዚህ ከተማ ሽንት ቤት እንኳ በነፃ አይገባም፤ ሰው የሌላ ሰው ልጅ በነፃ የሚይዘው ምን ፈልጎ ነው? ቢሆንም ሌላ አማራጭ ስላልነበረኝ ሰጠኋቸው።

ነገሩ የመጣው አንድ ሐሙስ ቀን ነው። በሥራ ሰዓት ስልካችን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ባለመደብሩ ሠራተኛ ስልክ ስትነካካ ማየት አይወድም። ስምንት ሰዓት ላይ ሳወጣው ማማ ሦስት ጊዜ ደውለዋል። ወዲያው ደወልኩ።

«ተሳስቼ ነው» አሉኝ። «ኪሴ ውስጥ ተነክቶ ነው።»

አንድ ጊዜ ይነካል። ሁለት ጊዜም ይሁን። ሦስት ጊዜ የሚነካ ኪስ ግን አላውቅም።

ቤት ስገባ ልጄ የማማ ሶፋ ላይ ተኝቷል። ፀጉሩ እርጥብ ነው። ጠዋት ያለበስኩት ቢጫ ሹራብ የለም፤ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነጭ ካናቴራ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ አጠገቡ ነድዶ ሊያልቅ የደረሰ ሻማ። መብራት አልጠፋ፣ ቀን ነው፣ ሻማ ለምን?

«ማማ፣ አጠቡት እንዴ?»

«አልቦት ነበር።»

«ሹራቡስ?»

«ረጠበ። አጥቤ አሰጣሁት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ስንት ጊዜ እንደሳቀ፣ ስንቴ እንዳገሳ ሳይቀር ነው የሚነግሩኝ። ያን ቀን ዓይኔን እንኳ አላዩም። የሳቸው ዓይን ቀልቷል። ልጄን ታቅፌ ወደ ክፍሌ ስሄድ በሩ ላይ ቆመው በዓይናቸው ሲከተሉኝ ይታወቀኛል።

በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። ከሥራ ስመለስ የወጥ ቤታቸው በር ገርበብ ብሏል። ማማ ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያጫውቱታል። የሚጠሩት ግን በስሙ አይደለም። በሌላ ስም ነው። ደጋግመው ጠሩት፤ ልጄም ይስቃል። እኔ ስገባ ቶሎ ብለው ትክክለኛውን ስሙን ጠሩ፤ እንደ ሁልጊዜው መሃሉን አጣመሙት።

መደብር አብራኝ ለምትሠራው ሴት ነገርኳት። እሷ እንደኔ አይደለችም፤ አፏ አያርፍም።

«አንቺ፣ ነቃ በይ እንጂ!» አለችኝ። «እርጥብ ፀጉር፣ ሻማ፣ ሌላ ስም! ይሄማ ሙቲ ነው።»

ሙቲ እዚህ አገር መድኃኒት አዋቂዎች የሚቀምሙት ነው። ለበሽታም ለተንኮልም ይሆናል ይላሉ፤ እኔ አይቼ አላውቅም።

«ፀጉሩን አይተሻል? ተቆርጦ የተወሰደ ነገር የለም?»

«ኧረ በእመቤቴ!»

«ቀልዴን ነው ባክሽ» ብላ ሳቀች። ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ስታበቃ ግን «ቀልዴን ነው፤ ብቻ እዪው» አለችኝ።

አየሁት። ጥፍሩን አንድ በአንድ፣ ከጆሮው ኋላ፣ በብብቱ ሥር። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ፀጉሩ የሳሳ ቦታ አገኘሁ። ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ሲውል ፀጉሩ እዚያ ጋ እንደሚሳሳ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ነበር የሚሄድብኝ። አንድ ቀን ጠዋት ከመንገድ ተመልሼ ጃንጥላ የረሳሁ መስዬ በድንገት ገባሁ። ማማ ገንፎ እያጎረሱት እየዘፈኑለት ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ «እንደምመጣ አውቀው ነው» አልኩ በልቤ።

ልጁን ላስጠምቅ ብዬ የቆረጥኩት ያኔ ነው። እኔ የተወለድኩት ደቡብ፣ ካቶሊክ በበዛበት ቀበሌ ነው። በወሬ ካልሆነ የማላስታውሰው ጥምቀት በአርባ ቀኔ፣ የማስታውሰው ቁርባን ደግሞ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ተቀብያለሁ። ባሌ ጴንጤ ነው። ስንጋባ የሱ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እኔም እንደ አዋቂ አምኜ ውሃ ውስጥ ገብቼ እንድጠመቅ ይፈልጉ ነበር። እምቢ ማለት ስለማልችል አንዴ ጉንፋን ያዘኝ፣ አንዴ እርጉዝ ነኝ እያልኩ እስከ ዛሬ አቆይቻቸዋለሁ። ልጁን ላስጠምቅ መሆኔን ለባሌ በስልክ ስነግረው ሳቀ።

«ሕፃን ምን ያውቃል? አድጎ፣ አምኖ ይጠመቅ።»

«እስኪያድግ የሚጠብቀው ማነው?»

የምን ጥበቃ እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ያን ቀን ቤት እንቀይራለን፣ ቤት ስንቀይር ሥራዬ ይቀራል።

«ውሃ ነው፣ አይጎዳውም» አለ በመጨረሻ። «እኔን ግን ውስጥ ግባ እንዳትዪኝ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን በእግር ሩቅ አይደለም። ማማም እዚያው ናቸው፤ እሑድ እሑድ እንደ ማኅበራቸው ሴቶች ሐምራዊ ካባ ደርበው ነው የሚሄዱት። በቁምስናው፣ ማለትም በአጥቢያው፣ ቢሮ አንድ ቅጽ ተሰጠኝ። አድራሻ ይላል፣ የወላጅ መታወቂያ ይላል። ይሄ ወረቀት የስደተኛ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ሆም አፌርስ ይደርስ ይሆን ብዬ ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የኛ የስደተኛ ወረቀት ሁልጊዜ ሊያልቅ አንድ ወር የቀረው ነው። መጨረሻ ላይ የቤት ቁጥራችንን አንዱን አኃዝ ቀይሬ ሞላሁት። በእግዚአብሔር ቤት ዋሽቼ ነው የጀመርኩት ማለት ነው።

ቅጹ የክርስትና እናት ይጠይቃል፤ ካቶሊክ የሆነች፣ ቁምስናው የሚያውቃት። እኔ እዚያ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይሄኔ እናቴ ያደረገችው ነገር ትዝ አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ዓይኗ የሚፈራ ጎረቤት ነበረች። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ስትወልድ ክርስትና እንድታነሳው የመረጠችው እሷን ነው። ሰው ሁሉ ተገረመ። እናቴ ግን «አበልጅሽ ከሆነች በኋላ በምን ዓይኗ ታየዋለች?» አለች። የክርስትና ልጁን የሚጎዳ የለም፤ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። ሴትዮዋም እስክትሞት ድረስ ለወንድሜ እንቁላል እንደላከች ነው።

እኔም እንዲሁ አሰብኩ። ማማ እሺ ካሉ በመሐላ አሰርኳቸው ማለት ነው። ክፉ ሠርተው ከሆነ ደግሞ ልጁን ታቅፈው መሠዊያ ፊት መቆም አይደፍሩም። በሁለቱም በኩል እውነቱን አውቃለሁ።

ልብስ ሲያሰጡ ጠየቅኳቸው። የያዙት አንሶላ ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር።

«አልችልም፣ ልጄ።»

«ለምን፣ ማማ?»

«ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ሌላ ሰው አላውቅም እኮ።»

«አልችልም አልኩሽ!» ብለው አንሶላውን ሳያሰጡት ወደ ቤት ገቡ።

በቃ፤ አለቀ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን የምሰጣቸው እጄ እየከበደኝ ነበር። እሰጣቸዋለሁ ግን። ይሄን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ልጄን ትጎዳለች ብዬ ለማስባት ሴት በየጠዋቱ ልጄን አስረክቤ ብርድ ልብስ ልሸጥ እሄድ ነበር።

ወላጆች የሚማሩበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው አዳራሽ ስድስት ያህል እናቶች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠናል። የሚያስተምሩን የቁምስናው ካህን ናቸው፤ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ እሳቸውም ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጡ። ማማ ከሁለት የማኅበር ሴቶች ጋር ከኋላችን አበባ እያዘጋጁ ነበር። እንዳሉ ሳውቅ ጀርባዬን በላኝ።

ካህኑ ጥምቀት አንዴ ብቻ እንደሚሰጥ፣ እንደማይደገም አስረዱ። ከዚያ ቅጻችንን ይዘው እያንዳንዳችንን ጠየቁ።

«ይህ ልጅ ከዚህ በፊት ውሃ ፈስሶበታል? በሆስፒታል ይሁን በቤት፣ በማንም እጅ?»

«የለም፣ አባ» ትላለች አንዷ። «የለም» ትላለች ቀጥላ ያለችው። እኔ ጋ ደረሱ።

«የለም፣ አባ።»

ከኋላዬ የብረት ባልዲ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ።

«ይሄኛው ፈስሶበታል» አሉ ማማ። «እኔ ነኝ ያፈሰስኩት።»

እኔ በሕይወቴ በሰው መሃል ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ተነሣሁ።

«ልጄን ምን አድርገውት ነው?»

ካህኑ እጃቸውን አነሡና ማማን ጠሯቸው። ማማ እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። የተናገሩት እኔን ሳይሆን ካህኑን እያዩ ነው። ሐሙስ ዕለት ልጄ ድንገት በትኩሳት ነደደ፤ ሰውነቱ ተገተረ፤ ዓይኑ ተገለበጠ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ። ጎረቤት ጮኸው ተጣሩ፣ ማንም አልነበረም። ሞተ ብለው ነው ወደ ቧንቧው የሮጡት።

«ምን ውሃ ነበር?» አሉ ካህኑ።

«የወጥ ቤት ቧንቧ።»

«የት ላይ አፈሰሱት?»

«ግንባሩ ላይ። ሦስት ጊዜ።»

«ምን ብለው?»

ማማ በፖርቱጊዝ አሉት፤ ቀጥለው በእንግሊዝኛ። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ። ካህኑ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በማን ስም ጠሩት?»

እዚህ ጋ ማማ ሽርጣቸውን በሁለት እጃቸው ጠቀለሉ።

«ስሙ ጠፋብኝ» አሉ ኋላ። «ከባድ ስም ነው፣ ስደነግጥ ጠፋብኝ። የመጣልኝ የልጄ ስም ነው። አገሬ የቀበርኩት ልጄ።»

ልጄ ጭኔ ላይ ሆኖ አጠገቤ የተቀመጠችውን እናት ወንበር ሊይዝ ይንጠራራ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ውሃው እንደነካው ጮኸ» አሉ፤ አሁን ወደ እኔ ዞረው። «አዝዬው ክሊኒክ ሮጥኩ፤ መድኃኒት ሰጡት፤ በረደ። እስክትመጪ ሻማ አብርቼ ራሱን በውሃ ሳርስ ዋልኩ። ከዚያ ምን ብዬ ልንገርሽ? ብነግርሽ ትወስጂብኛለሽ።»

ካህኑ ጥምቀቱ ጥምቀት ነው አሉ፤ በሌላ ስም ቢጠራም አይፈርስም። እሑድ ውሃ አያፈሱበትም፤ የቀረውን ሥርዓት፣ ቅብዐ ሜሮኑን፣ ነጭ ልብሱን፣ ሻማውን ብቻ ይፈጽሙለታል። የክርስትና እናት አግኝቻለሁ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁ። አላመንኳቸውም። ሰው ሲያዝ የሚያምር ነገር ያወራል። የልጁን የጤና ደብተር አወጣሁ፤ ክሊኒክ በሄደ ቁጥር የሚጻፍበት ደብተር ነው፤ ሁልጊዜ እሳቸው ጋ በምተወው የልጁ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚኖረው። የነርሶቹን የእንግሊዝኛ እጅ ጽሑፍ አላነብም፤ ማኅተምና ቁጥር ግን አነባለሁ። የዚያ ሐሙስ ቀን ተመትቶበታል። ከጎኑ የሙቀቱ ልክ፤ ከሠላሳ ዘጠኝ በላይ። ቦርሳው በየማታው እጄ ላይ ነበር። ፀጉሩንና ጥፍሩን ስመረምር ደብተሩን አልከፈትኩም።

አሁን ያልተናገርኩትን ልናገር። ያን ሐሙስ ጠዋት ልጄ ትኩስ ነበር። አውቄዋለሁ። በዚያ ወር ለወረቀታችን ጉዳይ ሁለት ቀን ከሥራ ቀርቼ ነበር፤ ባለመደብሩ ሦስተኛ ከቀረሽ አትምጪ ብሎኛል። ስለዚህ ለልጄ የትኩሳት ሽሮፕ በማንኪያ አጠጣሁት፣ ሹራብ ደረብኩለትና ለማማ ሰጠኋቸው። አሞታል ብል አይቀበሉኝም ብዬ ምንም አላልኩም። «ደህና አደረ?» ሲሉኝ «ደህና» አልኳቸው።

እሑድ ጠዋት ባሌ ከዲፕስሉት መጣ። ሁሉን ነገርኩት፤ ከሽሮፑ በስተቀር። ስሙ ያናድደዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«ካህኑ ሁለቱንም ይጻፉት» አለ።

«የሞተ ልጅ ስም እኮ ነው!»

«እና? እኔን ዲፕስሉት ሰው ሁሉ ማይ ፍሬንድ ነው የሚለኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ ስሜን ከሰማሁ። ሞትኩ እንዴ?»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከዚያ ወጥቼ የማማን በር አንኳኳሁ። ሐምራዊ ካባቸውን ለብሰው ተቀምጠው ነበር፤ የሚሄዱ አይመስሉም። ክርስትና ያንሡልኝ አላልኳቸውም፤ ልጁን ዘረጋሁላቸው፤ ተቀበሉኝ።

ሌሎቹ ሕፃናት ተራ በተራ ውሃው ጋ ቀርበው ጮኹ። የኔ ልጅ ታለፈ። አጠገቤ ያለች እናት ምን አድርጎ ነው ብላ አየችኝ። ስለዚህ ቀን ሳስብ አሁንም የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ የልጄን ጥምቀት እኔ አላየሁትም። በአንድ ወጥ ቤት፣ በሌላ ሰው ልጅ ስም፣ እኔ ብርድ ልብስ ሳጣጥፍ አልፏል። ካህኑ አናቱን በሜሮን ሲቀቡት ማማ ደግፈው ያዙት። ባሌ እንዳለው አልገባም፤ በበሩ በኩል በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ የሰው ጀርባ ብቻ ነው የወጣለት።

ከቅዳሴ ስንመለስ ባሌ ቀድሞን ሄደ። ማማ ልጁን ታቅፈው፣ እኔ ካባቸውን ይዤ በዝግታ ተከተልነው። ልቤ አሁንም ሙሉ አልነበረም። ሌላ ምን ያልነገሩኝ ይኖር ይሆን እያልኩ በጎን አያቸዋለሁ። እሳቸውን እንደዚያ እያየሁ ነው የራሴን ነገር መሸከም ያቃተኝ።

«ማማ» አልኳቸው፤ ድምፄ እንደልማዱ ሊጠፋ ነበር። «ያን ሐሙስ ጠዋት ትኩስ ነበር። እያወቅሁ ነው የሰጠሁዎት።»

አልቆሙም። ልጁን ከአንዱ ትከሻቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«አፉ ሽሮፕ ሽሮፕ ይሸት ነበር» አሉኝ። «እናቱ ትንገረኝ ብዬ ነው እስከ ዛሬ የጠበቅኩት። ነገ ስንት ሰዓት ታመጪዋለሽ?»